የዘጠና ስድስት ሰከንድ ሥራ

በመጀመሪያዎቹ የጄምስ ቦንድ ፊልሞች መክፈቻ ላይ፣ በነጩ ክብ ዙሪያ እየተጠማዘዘ የሚታየው ጥቁር ግድግዳ በእጅ የተሣለ አይደለም። የእውነተኛ ሽጉጥ አፈሙዝ ውስጠኛ ገጽ ነው። የመክፈቻ ጽሑፍ ሠሪው ሞሪስ ባይንደር በ1962 ለ«ዶክተር ኖ» ሲያዘጋጀው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባለ .38 ካሊበር ሽጉጥ ወስዶ በአፈሙዙ ውስጥ አሻግሮ ለመቅረጽ ሞከረ። አልጠራለትም። ሌንስ የቱቦውን ቅርብ ጫፍና ሩቅ ጫፍ አንድ ላይ አጥርቶ አይዝም፤ አንዱ ሲጠራ ሌላው ይደበዝዛል። ባይንደር ሌንሱን ትቶ በመርፌ ቀዳዳ ካሜራ ቀረጸው። በጠባብ ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን ቅርብና ሩቅ አይለይም። ጠመዝማዛዎቹ ቦዮች ከዳር እስከ ዳር እኩል ጠርተው ወጡ።

ከክቡ በፊት በስክሪኑ ላይ የሚንሸራተቱት ነጭ ነጥቦች መነሻቸው ወረቀት ነው። ባይንደር ከፕሮዲዩሰሮቹ ጋር ሊገናኝ ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ አጠገቡ የነበሩ ትናንሽ ነጭ የዋጋ መለጠፊያዎችን አንስቶ በንድፉ ላይ በጥይት ምልክትነት ደረደራቸው። ወደ ካሜራው ዞሮ የሚተኩሰው ሰውም ሾን ኮነሪ አልነበረም፤ የስታንት ባለሙያው ቦብ ሲመንስ ነበር። ኮነሪ ራሱ ቆሞ የተቀረጸው በ1965፣ «ተንደርቦል» ለሰፊ ስክሪን ሲሠራ ነው።

ቀዳዳ፣ መለጠፊያ፣ ተተኪ ሰው። ሦስቱም በተማሪ አቅም የሚገኙ ናቸው። የፊልም ተማሪዎች ከሚሠሯቸው ልምምዶች መካከል አንዱን አብልጬ የምወደውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሌለ የስለላ ፊልም መክፈቻ መሥራት። ተዋናይ መናገር የለበትም፣ ታሪኩ ማለቅ የለበትም። አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ስሞች መነበብ፣ ሙዚቃ መመታት፣ የአንድ ዓለም ጠባይ መታወቅ አለበት። እንዲህ ባለ አጭር ሥራ ውስጥ ጥበቡ የሚታየው መጋጠሚያዎቹ ላይ ነው። ክቡ ዓይን የሚሆንበት ቦታ፣ መስመሩ ሕንጻ የሚሆንበት፣ ፊደሉ ገላ ላይ የሚያርፍበት። እኔም የማየው እነዚያን ነው።

ለዚህ ልምምድ የሆላንድ ሦስት ከተሞች፣ አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ሄግ፣ የተመቹ ናቸው። በባቡር በአንድ ቀን ሦስቱንም ማዳረስ ይቻላል። አምስተርዳም ውስጥ በ1958 የተቋቋመው የፊልም አካዳሚ አለ፤ ሮተርዳም ውስጥ የቪለም ደ ኮኒንግ አካዳሚ፤ ሄግ ውስጥ ደግሞ ከ1682 ጀምሮ ያለውና ዛሬ የፊደል ንድፍን በማስተርስ ደረጃ የሚያስተምረው የንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ። ስለላውም ቢሆን ለቦታው እንግዳ አይደለም። ማታ ሃሪ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሄግ ውስጥ በኒወ አውትሌህ ጎዳና ቤት ነበራት፤ በ1917 ፈረንሳይ ውስጥ ተረሸነች። በኅዳር 1939 ጀርመኖች ፌንሎ ከተማ ድንበር ላይ ያፈኗቸው ሁለት የእንግሊዝ ሰላዮች መቀመጫቸው ሄግ ነበር። ሂችኮክ በ1940 በሠራው «ፎሪን ኮረስፖንደንት» ገዳዩ ካሜራ አስመስሎ በያዘው ሽጉጥ ተኩሶ በጃንጥላዎች መካከል የሚያመልጠው አምስተርዳም ውስጥ ነው፤ አደባባዩ ግን ሆሊውድ ውስጥ የተሠራ ነበር። በ1971 «ዳይመንድስ አር ፎርኤቨር» እውነተኛዋን አምስተርዳም ቀረጸ፤ ነጩ የማኸረ ድልድይ እዚያ ውስጥ ይታያል።

የአማርኛ አንባቢ ሰላይን በደንብ ያወቀው ከስክሪን በፊት ከወረቀት፣ ማሞ ውድነህ ወደ አማርኛ ከመለሷቸው መጻሕፍት ነው። ስለዚህ የሌለውን ፊልማችንን ለዚህ ጽሑፍ ስል «ጆሮ ጠቢ» እንበለው፤ የመክፈቻው ጽሑፍም በእኛ ፊደል ይሁን።

ሥራው የሚጀመረው በካሜራ ሳይሆን በሒሳብ ነው። አውሮፓ ውስጥ የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ዑደት አለው፤ የእኛም አገር እንዲሁ ነው። መብራት በእያንዳንዱ ዑደት ሁለት ጊዜ ይደምቃል፣ ሁለት ጊዜ ይደክማል፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ማለት ነው። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። በሰከንድ 25 ፍሬም እየቀረጹ የእያንዳንዱን ፍሬም ብርሃን ለ1/50 ሰከንድ ብቻ ቢያስገቡ፣ በእያንዳንዱ ፍሬም ውስጥ በትክክል ሁለት ሙሉ ድምቀቶች ይገባሉ። የመንገድ መብራቱ ምስሉ ላይ አይንቀጠቀጥም። በ24 ፍሬም በተለመደው 1/48 ቢቀርጹ ግን በእያንዳንዱ ፍሬም ውስጥ ቁራሽ ይቀራል፤ ቁራሹም ቦታውን እየለወጠ ምስሉን ያርገበግባል።

በሰከንድ 25 ፍሬም እንዲሆን ከተወሰነ በኋላ ሙዚቃው ይከተላል። በደቂቃ 120 ምት ያለው ሙዚቃ ለማንም ጆሮ ይመቻል። ነገር ግን በ25 ፍሬም ላይ አንዱ ምት 12 ተኩል ፍሬም ይሆናል፤ ግማሽ ፍሬም ደግሞ የለም። ስለዚህ ምስሉ አንዴ ከምቱ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ ይቆረጣል። ሙዚቃው በደቂቃ 125 ምት ቢሆን ግን አንድ ምት 0.48 ሰከንድ፣ ማለትም ልክ 12 ፍሬም ይሆናል። ከዚህ ቁጥር ሌላው ሁሉ ይወጣል። 200 ምት 96 ሰከንድ ነው። በአራት በአራት ሲቆጠር 50 ዙር ይሆናል። ጠቅላላው 2,400 ፍሬም። ቁራሽ የለውም። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ሳየው የሚሰማኝን ደስታ የሚጋራ አንባቢ እንዳለ አምናለሁ።

አሁን ስሞቹ ይደለደላሉ። አንድ ስም ለ6 ምት ቢቆይ 72 ፍሬም ይሆናል፤ ሦስት ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ድምፅ ሳያሰሙ ሁለት ጊዜ ለማንበብ ይበቃል። 20 ስሞች 120 ምት ይወስዳሉ። 80 ምት ለፊልሙ ርዕስና ስም ለሌለበት ቦታ ይተርፋል። ባዶው ቦታ ለስሞቹ ትንፋሽ ነው፤ ጀማሪ የሚሠራው መክፈቻ ብዙ ጊዜ የሚታፈነው ይህን ስለሚነፍገው ነው።

የእኛ ፊደል እዚህ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። በላቲን ስድስት ፊደል የሚፈጀው ከበደ በግዕዝ ፊደል ሦስት ነው። ስለዚህ በዚያው ስፋት ውስጥ ፊደሉ ሊተልቅ ይችላል። በሌላ በኩል ትልቅና ትንሽ የሚባል ፊደል የለንም፤ የተዋናዩን ስም ከሥራ ድርሻው ለመለየት የሚቀረው መጠንና ውፍረት ብቻ ነው። ሁለት መጠን ይበቃል። የሥራ ድርሻው የስሙን ግማሽ ቁመት ቢይዝ ዓይን ሳይታዘዝ ወደ ስሙ ይሄዳል። የፊደላቱ እግርም መታየት አለበት። በአንዳንድ የፊደል ንድፎች ሰ፣ በ እና ከ ቀጫጭን እግሮች አሏቸው፤ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ቀጭን ቋሚ መስመር ቀድሞ ይጠፋል። እግሩ ቢያንስ የጭንቅላቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ውፍረት ያለው የፊደል ንድፍ መምረጥ ያስፈልጋል።

ከዚያ ስቶሪቦርዱ ይሣላል። ጥሩ ስቶሪቦርድ ጥሩ ሥዕል መሆን የለበትም። በእያንዳንዱ ሣጥን ሥር የፍሬም ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ከሥዕሉ ቁጥሩ ይበልጣል። ሣጥኖቹ ፎቶ ተነሥተው በሙዚቃው ላይ ይደረደሩና አንድም ነገር ሳይቀረጽ መክፈቻው ይታያል። የሚጎትተው ቦታ እዚያው ይታወቃል።

ክቡን እንሥራ። ኔዘርላንድስ ውስጥ እውነተኛ የሚመስል የውሸት ሽጉጥ ይዞ መገኘት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ጎዳና ላይ ሽጉጥ የሚመዝ ሰላይ አይኖርም። ይህ ገደብ ሥራውን ያሻሽለዋል ባይ ነኝ። ሽጉጡ በሌለበት አፈሙዙ ብቻ ይቀራል፤ አፈሙዝ ደግሞ ቱቦ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 4 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የካርቶን ቱቦ ይወሰዳል። ውስጡ ደብዛዛ ጥቁር ይቀባል። አምስት አምስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ስድስት የሚያብረቀርቁ ጥቁር ወረቀቶች በአንድ አቅጣጫ እየተጠማዘዙ ይለጠፋሉ። ጥቁር በጥቁር ላይ ነው፤ የሚለያቸው ብርሃን ብቻ። መብራቱ ከሩቁ ጫፍ በኩል የቱቦውን ግድግዳ ታክኮ ሲገባ የሚያብረቀርቀው ይመልሰዋል፣ ደብዛዛው ይውጠዋል።

በዚህ ቱቦ የሚታየው ክብ ስንት ይሆናል? ወርዱ ለርዝመቱ 4 ለ30 ነው። ከካሜራው 15 ሜትር ርቀት ላይ 2 ሜትር ወርድ ያለው ክብ ይታያል። አንድ ሰው ከራሱ በላይና ከእግሩ በታች ጥቂት ተርፎለት ይቆምበታል። ስለዚህ የሚፈለገው 15 ሜትር የሚዘልቅ ባዶ ኮሪደርና መጨረሻው ላይ ነጭ ግድግዳ ነው። የትምህርት ቤት ኮሪደር ይበቃል።

የባይንደር ችግር ግን እዚህም ይጠብቃል። በሌንሱ ቦታ ካሜራው ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ክዳን ቢገጠምና ቀዳዳው ከምስሉ ገጽ 50 ሚሊ ሜትር ቢርቅ ሁሉም ይጠራል፤ የሚገባው ብርሃን ግን ተራ ሌንስ በf/8 የብርሃን ቀዳዳ ከሚያስገባው ከ400 ጊዜ በላይ ያንሳል። መፍትሔው ቱቦው የማይንቀሳቀስ ዕቃ መሆኑ ነው። ለብቻው፣ በረጅም የብርሃን ጊዜ፣ ፎቶ በፎቶ ይነሣል፤ በየፎቶው መሃል ቱቦው ጥቂት ዲግሪ ይዞራል። ሰውየው በተራ ሌንስ ለብቻው ይቀረጻል፤ ያው 15 ሜትር ተጠብቆ። ርቀቱ ካልተጠበቀ ክቡ ከሰውየው ጋር አይዋደድም፤ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም ውሸት መሆኑ ይሰማዋል።

ሄግ ውስጥ ከዚሁ ሥራ ጋር ዝምድና ያለው ትልቅ ነገር አለ፤ የሜስዳህ ፓኖራማ። ሠዓሊው ሄንድሪክ ቪለም ሜስዳህ በ1881 የስኬቨኒንገንን ባሕር ዳርቻ 14 ሜትር ከፍታና 120 ሜትር ገደማ ዙሪያ ባለው ሸራ ላይ ሣለው። መነሻውን የሠራው አሸዋማው ኮረብታ ላይ በቆመ የመስታወት ሲሊንደር ውስጥ ሆኖ ዙሪያውን ያየውን በመስታወቱ ላይ በመንደፍ ነበር። ተመልካች በጨለማ መተላለፊያ አልፎ ወደ ብርሃኑ ይወጣል። ተማሪዎች ቱቦ ከመለጠፋቸው በፊት አንድ ጊዜ ሊገቡበት የሚገባ ቦታ ነው።

ቀጥሎ መስመሩ። ሶል ባስ በ1959 ለሂችኮክ «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» የሠራው መክፈቻ በአረንጓዴ ገጽ ላይ በሚሮጡ ቀጫጭን መስመሮች ይጀምራል። መስመሮቹ ይተላለፋሉ፤ ስሞች በእነሱ ላይ እንደ አሳንሰር ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ከዚያ መስመሮቹ በቦታቸው ሳሉ ከሥራቸው የኒው ዮርክ ባለመስታወት ሕንጻ ብቅ ይላል። ለካስ መስኮቶቹ ኖረዋል። መጨረሻ ላይ ሂችኮክ ራሱ አውቶቡስ ሲያመልጠው ይታያል። የሥራው ልብ ንድፉና ሕንጻው የሚገጥሙባት ቅጽበት ናት፤ ባስ ፊደሎቹን ሁሉ በሕንጻው ገጽ ማዘንበያ ልክ ስላዘነበላቸው ጽሑፉ ግድግዳው ላይ የተጻፈ ይመስላል።

ይህን የሚሻ ተማሪ መጀመሪያ የሚሮጠው ሮተርዳም ወዳለው የኤራስመስ ድልድይ ነው። በ1996 የተከፈተ፣ 139 ሜትር ከፍታ ያለው የታጠፈ ነጭ ምሰሶ፣ ከእሱ የተዘረጉ ገመዶች። ያምራል። ለዚህ ሥራ ግን አይመችም። የባስ መስመሮች እርስ በርሳቸው ትይዩ ናቸው፤ የድልድዩ ገመዶች ግን ከምሰሶው እየተከፈቱ ይወርዳሉ፤ እያንዳንዱ ገመድ የራሱ ማዘንበያ አለው። በአምስት ገመድ ላይ አምስት ስም ቢቀመጥ አምስቱም በተለያየ ማዕዘን ይነበባሉ፤ ዓይን ይደክማል። ራቅ ብሎ በረጅም ሌንስ ጎን ለጎን ያሉ ሦስት ገመዶችን ብቻ መያዝ ይሻላል፤ ልዩነታቸው ስለሚጠብ ትይዩ ይመስላሉ። በማስ ወንዝ ዳር ያለው የቪለምስቨርፍ ሕንጻ ተንሸራታች ነጭ ገጽም አለ፤ ጃኪ ቻን በ1998 «ሁ አም አይ?» ላይ ቁልቁል የተንሸራተተበት። ለአንድ ስም የሚሆን ንጹሕ ገጽ ነው።

አምስተርዳም ውስጥ ደግሞ በቦዮቹ ዳር ያሉት ጠባብ ቤቶች መስኮቶቻቸው ራሳቸው የተሰመረ ወረቀት ናቸው። የላይኛው ፎቅ መስኮት ከታችኛው ያጥራል፤ ስለዚህ የጽሑፉን መጠን ቤቱ ራሱ ይወስናል። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ብዙዎቹ ቤቶች ወደ ጎዳናው ያጋድላሉ። ጣሪያው ሥር ከወጣው ግንድ ላይ ዕቃ በገመድ ሲሳብ ግድግዳውን እንዳይመታ ሆን ተብሎ ነው የተሠሩት። ካሜራው በውሃ ልክ ተስተካክሎ ቢቆምም ቤቱ ቀጥ ብሎ አይታይም። ጽሑፉ ካሜራውን ሳይሆን ቤቱን መከተል አለበት፤ በእያንዳንዱ ቤት ላይ ለየብቻ ይለካል።

ስለ መስመር ሲነሣ የሮተርዳሙ ደ ሄፍ አይዘለልም። ኮኒንግስሃቨን ላይ በ1927 የተሠራው ይህ የባቡር ድልድይ መካከለኛው ክፍሉ በሁለት ማማዎች መሃል ተነሥቶ መርከብ ያሳልፍ ነበር። ዮሪስ ኢቨንስ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው በ1928 «ደ ብሩህ» የተባለውን አጭር ድምፅ አልባ ፊልም በዚሁ ላይ ሠራ። የተጠቀመው ኪናሞ የምትባል በእጅ የምትያዝ ካሜራ ነበረች። 25 ሜትር ፊልም ትይዛለች፤ 1,300 ፍሬም ገደማ ነው፤ በሰከንድ 18 ፍሬም ቢነሣ ከ70 ሰከንድ ጥቂት ይበልጣል። ከዚያ አውጥቶ እንደገና ማጉረስ ነው። ኢቨንስ ጥርስ በጥርስ የሚነካከሰውን ማርሽ፣ የሚወጠረውን ሽቦ፣ ቀስ ብሎ የሚወርደውን ክብደት በየተራ ያሳያል። የቱም ሾት ትርፍ የለውም። ካሜራዋን የነደፈው አማኑኤል ጎልድበርግ በ1925 አንድን ገጽ ጽሑፍ በነጥብ መጠን የሚያሳንስ የፎቶ ዘዴ ለዓለም ያሳየ ሰው ነው፤ ያ ዘዴ በኋላ ሰላዮች ደብዳቤ የሚደብቁበት ሆኗል።

ብርሃኑስ? ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አምስተርዳም ውስጥ ፀሐይ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ገደማ ወጥታ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ በላይ 14 ዲግሪ ብቻ ናት። 1.75 ሜትር ቁመት ያለው ሰው 7 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። ለስለላ ፊልም ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል! በተቃራኒው የካሜራ ባለሙያው አብርሃም ኃይሌ ብሩ «አቡና»ን (2002) እና «ዳራት»ን (2006) የቀረጸው ቻድ ውስጥ፣ ከራስ በላይ በምትቆም ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ባቋቋመው የብሉ ናይል ፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚ ይህ ልምምድ ቢሠራ የጥላው ሒሳብ ሌላ ይሆናል፤ የምቱና የመብራቱ ሒሳብ ግን ያው ነው።

ሦስተኛው ነገር ገላ ነው። ሮበርት ብራውንጆን ቺካጎ ውስጥ የንድፍ መምህሩ የላዝሎ ሞሆሊ ናጅ ተማሪ ነበር። በ1963 ለ«ፍሮም ራሽያ ዊዝ ላቭ» ስሞቹን በፕሮጀክተር በምትወዛወዝ ሴት ገላ ላይ አሳረፋቸው። ፊደሉ በጡንቻው ላይ ይሰፋል፣ በጎድጓዳው ይሰበራል፣ ገላው ሲቆም ይነበባል። በቀጣዩ ዓመት ለ«ጎልድፊንገር» በወርቅ ቀለም በተቀባ ገላ ላይ የፊልሙን ምስሎች አሳየ። ምስልና ፊደል በኋላ አልተደራረቡም፤ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ሌንስ ፊት ነበሩ።

በእኛ ፊደል ለሚሠራ ተማሪ ስስ ነጠላ አቀርብለታለሁ። ነጭ ፊደል በጥቁር ገጽ ላይ ተዘጋጅቶ በጨለማ ክፍል ውስጥ ነጠላ በለበሰ ሰው ላይ ይጣላል። ከብርሃኑ ከፊሉ ድሩ ላይ ይቀራል፤ ከፊሉ አልፎ ከሥር ባለው ትከሻ ላይ ሁለተኛ፣ ደብዘዝ ያለ ፊደል ይጥላል። ሰውየው ሲተነፍስ ሁለቱ ይራራቃሉ፣ ይጠጋጋሉ። ፕሮጀክተሩ ከሰውየው 2 ሜትር ርቆ ፊደሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በ4 ሜትር 20 ይሆናል። ትከሻ ላይ አራት ፊደል እንዲያርፍ የመጀመሪያው ይሻላል።

የቀረው የመጨረሻው መጋጠሚያ ነው፤ መክፈቻው ከፊልሙ ጋር የሚገጥምበት። «ዶክተር ኖ» ላይ ነጥቦቹ ወደ ሚጨፍሩ ሰዎች፣ ሰዎቹ ወደ ሦስት የዓይነ ስውራን ጥላዎች ይለወጣሉ፤ ጥላዎቹ እየተራመዱ ሳሉ እውነተኛ ሰዎች ሆነው ኪንግስተን ጎዳና ላይ እናገኛቸዋለን። መክፈቻው የት እንዳለቀ ለመናገር ያስቸግራል።

ለ«ጆሮ ጠቢ» የምመርጠው መጋጠሚያ የማኸረ ድልድይ ነው። አምስቴል ወንዝ ላይ ያለው የአሁኑ ድልድይ በ1934 የተሠራ ነው። ሁለት ክንፍ አለው፤ ጀልባ ሲመጣ ከመሃል ተከፍለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነሣሉ። ከላይ ያለው ነጭ የሚዛን ግንድ ከክንፉ ጋር ትይዩ እንደሆነ አብሮ ያዘነብላል። ርዕሱም ሁለት ቃል ነው፤ ሁለት ፊደል በግራ ክንፍ፣ ሁለት ፊደል በቀኝ። በሁለቱ ቃላት መሃል ያለው ክፍተት ክንፎቹ በሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ ይውላል። ክንፉ ሲነሣ ፊደሎቹ በየራሳቸው መሃል ሳይሆን በክንፉ ማጠፊያ ዙሪያ መዞር አለባቸው፤ ያለበለዚያ ከእንጨቱ ላይ ይንሸራተታሉ። ድልድዩ ለመከፈት የሚወስደው ጊዜ በመጀመሪያው ጀልባ በሰዓት ይለካል፣ በሁለተኛው ይቀረጻል። አንድ ደቂቃ ቢፈጅና ለመጨረሻዎቹ 8 ምቶች፣ ለ96 ፍሬም፣ እንዲበቃ ቢፈለግ፣ ካሜራው በየ0.625 ሰከንዱ አንድ ፍሬም ያነሣል። 2,400ኛው ፍሬም ላይ ክንፎቹ ሙሉ በሙሉ ተነሥተዋል፤ 2,401ኛው የፊልሙ የመጀመሪያ ሾት ነው፤ ጀልባዋ ከዚያው የካሜራ ቦታ፣ በዚያው ሌንስ፣ አሁን ግን በሰከንድ 25 ፍሬም እየተነሣች ታልፋለች።